ማሽኑ ዝም ሲል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ የተበላሸ ሞባይል ያመጡልኛል። ቻርጅ የማይዝ፣ ውሃ የገባበት፣ ሕፃን የወረወረው። አልጠግንም ስላቸው ቅር ይላቸዋል፤ አንዳንዶቹማ ንፉግ ሆና ነው ይሉኛል። "ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?" ብላ ፊት ለፊት የጠየቀችኝ አንዷ ብቻ ናት። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ልጆቼም ቢሆኑ ሥራዬን በትክክል የሚያውቁት አይመስለኝም።

ሥራዬ ማሽንና ሰው ሲነጋገሩ እንዳይጣሉ ማድረግ ነበር። ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ማሽኑ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሰውየው በኪቦርድ ይመልሳል፤ ኤንተር ይነካል፤ ማሽኑ ይቀጥላል። ሥዕል የለም፣ ጌጥ የለም፣ ጥያቄና መልስ ብቻ። ጥያቄውን የሚጠይቀውን ፕሮግራም የምንጽፈው በስክሪፕት ቋንቋ ነው፤ የእኛ ፓይተን ነበር። የስክሪፕት ቋንቋ ጥሩነቱ ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው መሥራቱ ነው። መጥፎነቱም እሱው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ቦዲቲ ነው፣ በጽሕፈት መኪና። አለቃዬ ደብዳቤ የሚያስጽፉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ዓይናቸውን የሚገልጡት የመኪናው ድምፅ ሲቋረጥ ብቻ ነው። "ምነው?" ይላሉ። "ወረቀት እየቀየርኩ ነው" እላለሁ፤ መልሰው ይጨፍናሉ። ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ ስለ ዝምታ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ሰው ዝምታን አይችልም፤ ምክንያቱ ከተነገረው ግን ይችላል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሥልጠና ላኩኝ። ከሥልጠናው በኋላ ወደ ሶዶ ተዛውሬ መምህራን በሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዙ ከቦዲቲው በትንሹ ይሻላል፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ በብዙ ይብሳል። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነበርን። ሌላው ጋሽ መርክነህ ናቸው፤ የቤሌ ሰው፣ ድሮ የሂሳብ መምህር የነበሩ፣ ረጅም፣ ሲራመዱም ሲናገሩም ዝግ ያሉ። ፕሮግራም መጻፍን ራሳቸውን በራሳቸው ነው ያስተማሩት፤ እኔን ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ለማንም ሰው ፕሮግራም ከመጻፋቸው በፊት ንግግሩን በቃል ያስለማምዱኝ ነበር። ወንበራቸውን አዙረው ለስክሪኑ ጀርባቸውን ይሰጡና "አንቺ ማሽን ነሽ፣ እኔ ሰው ነኝ። ጀምሪ" ይላሉ።

"የተማሪው መለያ ቁጥር?"

"ረሳሁት።"

"ረሳሁት የሚል መለያ ቁጥር የለም።"

"ተቆጣሽኝ እኮ! ሰው ረሳሁት ሲል እንዲህ ነው እንዴ የሚመለስለት? ድገሚው።"

"መለያ ቁጥር ከሌለ በስም ልፈልግ?"

"አሁን ሰው ሆንሽ" ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይስቁብኛል፤ "ማሽን ነሽ ብዬሽ ነበር ለካ።"

በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ይስቁብን ነበር። "ድራማ ክፍል" የሚል ስም ወጣልን። ጋሽ መርክነህ ግድ አልነበራቸውም። አንድ ሰው ፕሮግራማቸውን ሲሞክር አጠገቡ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ በጣታቸው እንዳያሳዩት። "እኔ ካሳየሁት የሠራው እኔ ነኝ" ይላሉ። የተሳሳተ መልስ ሲገባ ሰውየውን አይወቅሱም፤ ክፍላችን ተመልሰው ጥያቄውን ያርማሉ። "አዎ" የሚለውን መልስ ብቻ ሲጠብቅ የነበረው ፕሮግራማችን፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ዓመት ሳልሠራ "አዎን"ንም "እሺ"ንም የወላይትኛውን "ኤ"ንም የሚቀበል ሆነ። ከፊቱ ባዶ ቦታ ቢኖር ይቆርጠዋል። ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ እንደተቀየረ "አዎ" ለማለት የሞከረ ሰው የሚያወጣትን ትርጉም የለሽ ሁለት ፊደል እንኳ ያውቃታል። ይህን ያህል ተጠንቅቀን ነው እንግዲህ የወደቅነው።

ዋነኛዋ ደንበኛችን የሬጅስትራሯ አስቴር ነበረች። እንደኔው ከጽሕፈት መኪና የመጣች፣ ፈጣን፣ ሥራዋን የምትወድ። በየመንፈቁ መጨረሻ የተማሪዎችን ማርክ የሚያጠቃልልላትን ፕሮግራም ጋሽ መርክነህ ጻፉላት። ፕሮግራሙ ከየትምህርት ክፍሉ የመጣውን አዲስ ፋይል ያነባል፣ ከቀድሞው ጋር ያስተያያል፣ ያየውን ይናገራል፣ ከዚያ "የቀድሞውን አጥፍቼ በአዲሱ ልተካ?" ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ "አዎ" ብሎ መጻፍ ግዴታ ነበር። የሬጅስትራር ሰዎች ግን "ሁልጊዜ አዎ ለምንለው ነገር ለምን ታስጽፉናላችሁ?" ብለው ደጋግመው ስላመለከቱ፣ ባዶ ኤንተርም እንደ አዎ እንዲቆጠር ሆነ። ሁሉም ተደሰተ።

ማስተያየቱ ጊዜ ይፈጃል። ጋሽ መርክነህ ይህን ያውቁ ነበርና ማሽኑ አንድ ክፍል በጨረሰ ቁጥር አንዲት ነጥብ እንዲጽፍ አደረጉ። ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ ተራ በተራ ሲደረደሩ አስቴር ሥራው እየሄደ መሆኑን ታያለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ማሽን ወደ ስክሪን የሚጽፈውን ወዲያው አያወጣም፤ መስመሩ እስኪዘጋ ያጠራቅመዋል። "አሁኑኑ አውጣው" የምትል አንዲት ትእዛዝ ካልተጨመረች ነጥቦቹ በአፉ ውስጥ ይቆያሉ። ያቺን ትእዛዝ አልጨመርናትም። በእኛ ክፍል ማሽኑ አዲስ፣ የምንሞክርበት ፋይልም ትንሽ ስለነበረ ነጥቦቹ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በአንድ ላይ ዱብ ይሉ ነበር፤ እኛም አየናቸው፣ ረክተን ሄድን። የአስቴር ማሽን አሮጌ ነበር።

ልምምዳችንም አላዳነንም። ማሽን ሆኜ ስጫወት እኔ ሰው ነኝና ጋሽ መርክነህ መልስ ሲሰጡኝ ወዲያው ቀጣዩን አነብ ነበር። ዝምታውን ማናችንም አልተለማመድነውም።

የተመራቂዎች ማርክ የሚጠቃለልበት ቀን መጣ። ከሁሉም የከበደው በየገጠሩ ትምህርት ቤት የሠሩት የተግባር ማስተማር ማርክ ነው፤ እየተለቀመ የገባው መንፈቁን ሙሉ ነው። አዲሱ ፋይል ሲገለበጥ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ኖሮ ግማሹ ብቻ ነበር የተገለበጠው። አስቴር ይህን አላወቀችም። ፕሮግራሙን አስነሳች። ከዚያ የሆነውን በራሷ አፍ ብትናገረው ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"ዝም አለችኝ ማሽኑ። ኤንተር ነካሁ፤ ዝም። መብራት ደግሞ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሜ ነካሁ። ማርታ፣ ሰው ቤት ሄደሽ ከደጅ ስትጣሪ ዝም ካሉሽ ትመለሻለሽ እንዴ? ደግመሽ ነው የምትጣሪው!"

እውነቷን ነው። በእኛ አገር የገጠር ቤት ከደጁ ራቅ ብሎ ከእንሰቱ ጀርባ ነው ያለው። እንግዳ ሳይጠራ አይገባም፤ ከደጅ ቆሞ ይጣራል፤ ካልሰሙት ይደግማል፣ ይሠልሳል። አንዴ ብቻ ተጣርቶ የተመለሰ ሰው "መጥቼ አጣኋችሁ" ለማለት እንጂ ለመግባት አልመጣም ተብሎ ይታማል። አስቴርም በማሽኑ ደጅ ቆማ በጨዋ ደንብ ተጣራች። ማሽኑ ግን የነካቻቸውን ኤንተሮች አልጣላቸውም፤ በወረፋ አስቀመጣቸው። አንብቦ ሲጨርስ ነጥቦቹን በአንድ ጊዜ ተፋ፣ "አዲሱ ፋይል ያልተሟላ ነው" ብሎ አስጠነቀቀ፣ "ልተካ?" ብሎ ጠየቀ፣ ከወረፋው የመጀመሪያውን ኤንተር አነሣና እንደ አዎ ቆጥሮት ተካ። ይህ ሁሉ የሆነው እሷ አንድ ቃል ሳታነብ ነው።

ቅጂ ነበረን፤ ግን የቆየ ነበር፤ አዲሱ ፋይል የመጣበት ዲስክም መብራቱ ሲጠፋ ተበላሽቷል። ምረቃው ተራዘመ። እኔና አስቴር በአውቶቡስና በባጃጅ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርን ማርክ ከየመምህሩ እንደገና ለቀምን። አንዳንዱ መምህር ተዛውሯል፤ አንዳንዱ ወረቀቱን ጥሎታል። የዚያን ሰሞን ነገር ሳስብ የሚታየኝ ግን ድካሙ አይደለም። የመራዘሙ ወሬ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች በምረቃው ቀን መጥተው ነበር። አንድ አባት፣ ከኪንዶ ኮይሻ በኩል የመጡ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ለልጃቸው የያዙት የተቀቀለ ቦይና፣ ማለት ጎደሬ፣ ከነዳጣው አጠገባቸው አለ። ስሄድ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ወድቃ ነው?"

"አልወደቀችም አባቴ። ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ ወደቀች?"

"አዎ" አልኳቸው።

"እኔም እሷ አትወድቅም ብዬ ነበር" አሉና ቦይናውን ገልጠው ብዪ አሉኝ። በላሁ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዲኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ወላጆች ቢሯቸው በር ላይ ነበሩና የሚያሳዩት ጥፋተኛ ፈለጉ። አስቴር ትሰናበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በእሷ ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ አንድም የኮሚቴ አባል አልነበረም። ዲኑ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ሲሉ አስቴር አንገቷን ደፋች። ጋሽ መርክነህ የአስቴርን ማሽን አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ የቆየውን ፋይል ጫኑበትና "ጌታዬ፣ እርስዎ ያሠሩት" አሉ።

ዲኑ ተቀመጡ። ፕሮግራሙ ተነሣ። ዝም አለ። ጋሽ መርክነህ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ፣ ኤንተር ነኩ። ቆይተው ደግመው ነኩ። ከዚያ ነጥቦቹ፣ ጥያቄውና "ተተክቷል" የሚለው ቃል ተከታትለው ወረዱ።

"ምን ጠየቀኝ?" አሉ ዲኑ።

"ልተካ ወይ ብሎ ጠየቀዎት።"

"እኔ ምንም አልመለስኩም!"

"ነክተዋል ጌታዬ" አለ ከኮሚቴው አንዱ።

"አልነካሁም" አሉ ዲኑ፤ እጃቸው ግን አሁንም ኤንተሩ ላይ ነበር። ሊስቅ የቃጣው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ዲኑም እጃቸውን አይተው አነሡት። "እሺ። ታዲያ ጥፋቱ የማነው?"

እዚህ ላይ ማሽኑ አሮጌ ነው ቢባል ነገሩ ያልቅ ነበር። ማሽን አይከሰስም፣ ቤተሰብም የለውም። ጋሽ መርክነህ ግን "የጻፈው ሰው ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

አስቴር ከሥራዋ አልተነሣችም። የጋሽ መርክነህ የክፍል ኃላፊነት ዕድገት ግን በዚያው ቀረ፤ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም በራሳቸው ጥያቄ ወደ ቤሌ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተዛወሩ። ተናደድኩባቸው። እውነት ለመናገር ሞኝ አድርጌ ነው የቆጠርኳቸው።

"ጋሼ፣ ማሽኑ አሮጌ ነው ቢሉ ምን ነበረበት?"

"አሮጌ መሆኑን አላውቅም ነበር? አስቴር ቢሮ ስንቴ ሻይ ጠጥቻለሁ። ከወንበሯ ላይ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማርታ።"

ከመሄዳቸው በፊት ፕሮግራሙን አብረን አረምነው። ገና ሲነሣ "አለሁ፣ እየሠራሁ ነው" እንዲል፣ እያንዳንዷን ነጥብም በተጻፈችበት ቅጽበት እንዲያወጣ አደረግነው። ከባድ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት በወረፋ ያለውን ኤንተር ሁሉ እንዲጥል አደረግነው፤ ከጥያቄው በፊት የተሰጠ መልስ መልስ አይደለምና። ባዶ ኤንተርም ለማጥፋት ፈቃድ መሆኑ ቀረ፤ የትምህርት ክፍሉን ስም ሙሉውን መጻፍ ግድ ሆነ። በዚህ የተማረረ ሲመጣ ወደ አስቴር እልከው ነበር፤ ከእሷ ዘንድ ተማርሮ የተመለሰ የለም።

በመጨረሻው ሰሞን ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጡ። "አንቺ ማሽን ነሽ፣ እኔ ሰው ነኝ። አሁን ዝም በይ።" ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። "አየሽ" አሉ እየሳቁ፣ "እያወቅኩትም ነካሁ።" ሰው የሚሠራበትን ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ዝምታውን ሳልለማመድ ሰጥቼ አላውቅም። የሚያለማምደኝ ስለሌለ ብቻዬን ማሽንም ሰውም እሆን ነበር፤ "ድራማ ክፍል" የሚለው ስም እስከ ጡረታዬ ተከተለኝ።

ልሰናበት ስል አዲስ ሲስተም ገባ። ጥቁር መስኮት የለውም፤ ያማረ ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። ክቧ ሥራው ቢቆምም መሽከርከሯን አትተውም። ይህን ለአዲሶቹ ሠራተኞች ነገርኳቸው። "ሲስተሙ ያውቃል ማርታዬ" አሉኝ በአክብሮት። የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ፣ የጡረታ ወረቀቴ ላይ ፈርሜ ወጣሁ።

ቤት ከተቀመጥኩ ጥቂት ጊዜ በኋላ አስቴር ደወለች። "ጋሽ መርክነህን ሰምተሻል? ጉሮሯቸውን ታመው ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር አሉ። ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ግን ስልክ አያነሱም።" ስልኩን ዘግቼ ደወልኩላቸው። ጠራ፣ አልተነሣም። ደገምኩ። በማግሥቱም እንዲሁ። በመካከላችን ይህን ያህል ዓመት ማለፉ፣ በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አውቶቡስ ተሳፍሬ አለመሄዴ ያኔ ነው የተሰማኝ። በሕይወት ሳሉ ሳይሆን ከተቀበሩ በኋላ ልደርስ ነው ብዬ ፈራሁ።

ቤሌ ወርጄ ቤታቸውን ጠየቅኩ፤ የማያውቃቸው የለም። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ደጁ በእንጨት የተዘጋ፣ ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ። የጠቆመኝን ሰው እንዴት ናቸው ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደጁ ላይ ቆምኩና "ቤቶች!" አልኩ።

ዝም።

ከእንሰቱ ወዲያ ጭስ አይታየኝም፤ የሰው ድምፅም የለም። ደግሜ ልጣራ አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉን መታ። ጠክ። ከዚያ ዝምታ። እንደገና ጠክ። የዱላ ጫፍ ነው። እየቆየ፣ እየራቀ ሳይሆን እየቀረበ። ጠክ።

አፌን ገጠምኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ዱላው ወለሉን ጨርሶ ደረቁ መሬት ላይ ሲወጣ ድምፁ ተለወጠ፤ አልቆመም ግን። እንባዬ መጣ፤ ከዚያም መጨረሻ የተሰናበትን ቀን ከነበሩት ከስተው ግማሽ የሚያክሉ፣ አንገታቸው በነጭ ሻሽ የታሰረ ሰውዬ ከእንሰቱ ጥግ ብቅ አሉ።

አዩኝ። አልተጣደፉም። ደጁ ድረስ በዚያው እርምጃ መጥተው እንጨቱን ያዙ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር፤ ለመስማት ጠጋ አልኩ።

"ስልኩንማ ስትደበድቢው ነበር" አሉ።

"ነበር ጋሼ።"

"እዚህስ ስንቴ ተጣራሽ?"

"አንዴ።"

ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ደጁን ከፈቱልኝ።